መልካችን በስንት እጅ ያልፋል? ከእንጨት መስታወት እስከ ስልክ ስክሪን

ኒው ዮርክ የሚኖረው አርቲስት ዳንኤል ሮዚን በ1999 የሠራው መስታወት ብርጭቆ የለውም (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከ830 ትናንሽ የእንጨት ቁራጮች የተገጠመ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሰሌዳ ነው፤ ፊት ለፊቱ ማንም ሳይኖር ሲያዩት አናጢ ተጠንቅቆ የደረደረው ጌጥ ይመስላል። ሰው መጥቶ ሲቆምበት ግን ቁራጮቹ መንቀሳቀስ ይጀምራሉ። አንዱ ቀና ይላል፣ ሌላው ይደፋል፣ እህል በሰፌድ ላይ ሲንገዋለል የሚሰማውን የመሰለ ኮሽታ በሰሌዳው ላይ ከዳር እስከ ዳር ይሮጣል፤ ወዲያውም በእንጨቱ ላይ የቆመው ሰው ምስል ይወጣል። ሰውየው እጁን ሲያነሳ እንጨቱም እጅ ያነሳል፤ ራሱን ዘንበል ሲያደርግ እንጨቱም ዘንበል ይላል።

አሠራሩን ማስረዳት አያስቸግርም። በሰሌዳው ውስጥ የተሸሸገች ትንሽ ካሜራ ከፊቷ የቆመውን ትቀርጻለች፤ ኮምፒዩተሩ ምስሉን ከፋፍሎ እያንዳንዱ ቦታ ምን ያህል ብሩህ ወይም ጨለማ እንደሆነ ይለካል፤ ከእያንዳንዱ ቁራጭ ጀርባ ያለው ሞተር ደግሞ እንጨቱን በልኩ ያዘነብለዋል። ቀና ያለው እንጨት ከላይ የሚመጣውን መብራት ተቀብሎ ይፈካል፣ የተደፋው ደግሞ ይጠቁራል። የሚያበራ ስክሪን የለም፣ ከእንጨቱ ሌላ ቀለምም የለም። ምስሉ ጥራት አለው አይባልም፤ የዓይን ቆብ፣ የከንፈር ቅርጽ፣ የቆዳ ልስላሴ በ830 እንጨት አይወጣም። ሆኖም ሰው ራሱን ወዲያው ይለየዋል፣ የሚለየውም በእንቅስቃሴው ነው። ሮዚን በኋላ ከመንገድ ላይ ከተለቀመ ቆሻሻና ለስላሳ ጸጉር ካላቸው ኳሶች ጭምር እንዲህ ያሉ መስታወቶችን ሠርቷል፤ ይሁንና ከሁሉም ይበልጥ የሚያነጋግረኝ የመጀመሪያው፣ እንጨቱ ነው።

ከተሠራ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ያለፈውን ይህን ሥራ ዛሬ ማንሳት ያስፈለገኝ፣ ከእጃችን የማይለየው ሌላው መስታወት፣ ማለትም የስልካችን የፊት ካሜራ፣ ከእንጨቱ ጋር አንድ ዓይነት ሥራ እየሠራ ሥራውን ግን ስለሚደብቅ ነው። ሁለቱም በካሜራ ያያሉ፣ ሁለቱም ያዩትን ወደ ቁጥር ይለውጣሉ፣ ሁለቱም ቁጥሩን መልሰው መልክ ያደርጉታል። በእንጨቱ ፊት የቆመ ሰው ምስሉ የተሠራ መሆኑን በጆሮው ጭምር ያውቃል። በስልኩ ፊት የቆመ ሰው ግን ተሠርቶ የመጣለትን ምስል እንደ ራሱ ፊት አድርጎ ይቀበላል፤ ከዚያም በዚያ ምስል ራሱን ይመዝናል፣ ይጠላል ወይም ይወድዳል።

የስልኩ ካሜራ ገና ማንም ፊልተር፣ ማለትም መልክን የሚለውጥ ሶፍትዌር፣ ሳይነካው ቢያንስ ሁለት ነገር ይለውጣል። የመጀመሪያው አቅጣጫ ነው፤ ራሳችንን ስናይ ስክሪኑ እንደ መስታወት ግራና ቀኙን አገላብጦ ያሳየናል፣ ሌላ ሰው ባነሳን ፎቶ ላይ ደግሞ ያልተገለበጠውን ፊታችንን እናገኛለን። በ1977 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ የሥነ ልቦና ጥናት ሰዎች ከራሳቸው ሁለት ምስሎች መካከል የተገለበጠውን፣ በመስታወት የለመዱትን፣ ሲመርጡ፣ ወዳጆቻቸው ግን ያልተገለበጠውን እንደሚመርጡ አሳይቷል። ብዙ ሰው «ፎቶ ላይ አላምርም» የሚለው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ የከፋ ነገር ኖሮ ሳይሆን ያልለመደውን ፊት ስላየ ነው። ሁለተኛው ርቀት ነው። ክንዳችንን ዘርግተን ስንነሳ ካሜራው ለአፍንጫችን ከጆሯችን ይልቅ በጣም ይቀርባል። በ2018 አሜሪካውያን ሐኪሞች ባወጡት ስሌት መሠረት በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት የተነሳ ሴልፊ፣ ከ1.5 ሜትር ከተነሳ ፎቶ ጋር ሲተያይ፣ አፍንጫን 30 በመቶ ገደማ አስፍቶ ያሳያል። ሐኪሞቹ ይህን ለማስላት የተነሡት በሴልፊ ያዩትን አፍንጫ ይዘው «አሳንሱልኝ» ብለው የሚመጡ ሰዎች ስለበዙባቸው ነበር። እንግዲህ በሌንስ ርቀት የመጣ ነገር በምላጭ እንዲቃና ይጠየቃል ማለት ነው።

መልክን ማሳመር አዲስ ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ። በጥቁርና ነጭ ፎቶ ዘመን የፎቶ ቤት ባለሙያዎች በእርሳስ ጫፍ ፊትን ያስተካክሉ ነበር። አክስቴ በአንድ ወቅት ጉርድ ፎቶ ተነሥታ ልትቀበል ስትሄድ ግንባሯ ላይ የነበረው የመስቀል ንቅሳት ጠፍቶ አገኘችው። ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅርባ ካየችው በኋላ ባንኮኒው ላይ መልሳ አስቀመጠችውና የፎቶ ቤቱን ልጅ «ልጄ፣ ይሄ የማን ፊት ነው?» አለችው። «አሳመርኩልዎ እኮ፣ እማማ» አላት። «እኔ አሳምርልኝ አላልኩህም፤ ያነሣኸኝን ስጠኝ» አለችውና ወንበር ስባ ተቀመጠች። ልጁ ሌላ አጥቦ ሰጣት። ይህ ታሪክ በቤተሰባችን ብዙ ጊዜ ሲነገር የኖረ ሲሆን አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ያሳየኛል፤ በፎቶ ቤቱ ውስጥ አንድ የሚጠየቅ ሰው ነበር። እጁ በእርሳስ የነካው ፊት የማን እንደሆነ የሚነገረው፣ የሚከራከር፣ የሚያርም ሰው። ቆዳ የሚያለሰልስ ፊልተር ግን ጠባሳውንም ንቅሳቱንም ማድያቱንም አንድ አድርጎ ያደበዝዛል፣ ሄዶ «ይሄ የማን ፊት ነው?» የሚሉት ባንኮኒም የለውም።

ፊልተሩ እንዴት ይሠራል የሚለውን ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ሶፍትዌሩ አስቀድሞ በምስሉ ውስጥ ፊት መኖሩን ይፈልጋል፤ ካገኘ በኋላ በዓይን ዳርቻ፣ በቅንድብ፣ በአፍንጫ ድልድይ፣ በከንፈር፣ በአገጭ ዙሪያ ነጥቦችን ይተክላል። ጎግል ለሠሪዎች በነጻ ያቀረበው አንዱ መሣሪያ በአንድ ፊት ላይ 468 ነጥብ ያስቀምጣል። ነጥቦቹ ተያይዘው መረብ ይሆናሉ፤ ያን መረብ እዚህ ጋ መሳብ፣ እዚያ ጋ ማጥበብ የፊልተሩ ሥራ ነው። ይህን ሳስብ በግዕዝ ሥነ ጽሑፋችን ውስጥ ያለው የመልክዕ ድርሰት ትዝ ይለኛል። የመልክዕ ደራሲም የቅዱሱን አካል በየክፍሉ ይቆጥራል፤ ለጸጉሩ፣ ለቅንድቡ፣ ለዓይኑ፣ ለጆሮው፣ እያለ እስከ እግሩ ጥፍር ድረስ ለእያንዳንዱ አምስት አምስት ስንኝ እየሰጠ «ሰላም ለ…» ብሎ ይሳለማል። ሁለቱም ፊትን ነጥብ በነጥብ ይሄዱበታል። ደራሲው በየነጥቡ የሚቆመው ሰላም ለማለት ሲሆን ሶፍትዌሩ የሚቆመው ለማረም ነው። በቀን አርባ ጊዜ የሚታረም ፊት ያለው ወጣት ፊቱን እንደ ስህተት ማየት ቢጀምር ሊደንቀን አይገባም።

አርቲስቶች ይህን አደጋ ያዩት ስልኩ ከመምጣቱ ከብዙ ዓመታት አስቀድመው ነው። የቪዲዮ ካሜራ ለግለሰብ መሸጥ በጀመረበት ዘመን፣ በ1970፣ አሜሪካዊው ብሩስ ናውማን ስፋቱ ግማሽ ሜትር ገደማ የሆነ ረጅም ጠባብ መተላለፊያ ሠራ። ከጫፉ ሁለት ቴሌቪዥኖች ተደራርበው ተቀምጠዋል። አንደኛው አስቀድሞ የተቀዳውን ባዶ መተላለፊያ ያሳያል፤ ሌላው ከመግቢያው በላይ ከተሰቀለ ካሜራ የሚመጣውን የቀጥታ ምስል ያሳያል። ጎብኚው ራሱን ለማየት ወደ ቴሌቪዥኑ በቀረበ ቁጥር ካሜራው ከኋላው ስለሆነ የሚያየው ጀርባውን ነው፣ ያም እየራቀና እያነሰ ይሄዳል። ራሱን ሊያገኝ የሄደ ሰው ራሱን ከኋላ እየተከተለ ይቀራል። ከአራት ዓመት በኋላ ዳን ግራሃም በመስታወት በተሸፈነ ክፍል ውስጥ ካሜራና ቴሌቪዥን አስቀምጦ ምስሉ ስምንት ሴኮንድ ዘግይቶ እንዲታይ አደረገ፤ ሰው በመስታወቱ አሁን ያለውን፣ በቴሌቪዥኑ ስምንት ሴኮንድ በፊት የነበረውን ራሱን ያያል፣ ቴሌቪዥኑም በመስታወቱ ውስጥ ስለሚታይ ከዚያም በፊት የነበረውን ያያል። በዚያው በ1974 ናም ጁን ፓይክ አንድ የቡድሃ ሐውልት በቴሌቪዥን ፊት አስቀምጦ የራሱን የቀጥታ ምስል እንዲመለከት አደረገው፤ ሐውልቱ እስከ ዛሬ ያያል፣ ምንም አይሰለቸውም።

የሥነ ጥበብ ሐያሲዋ ሮዛሊንድ ክራውስ በ1976 በጻፈችው በእጅጉ የታወቀ መጣጥፍ፣ የቪዲዮ ጥበብ እውነተኛ መሣሪያው ካሜራው ወይም ቴፑ ሳይሆን ራስን የማፍቀር ሥነ ልቦና ነው ብላ ተከራክራ ነበር፤ ሰውነት በካሜራውና በስክሪኑ መካከል ታጥሮ ከራሱ ምስል ሌላ ምንም የማያይበት ሁኔታ ተፈጠረ ማለቷ ነው። በእኔ ግምት ክሱ ለዚያ ዘመን አርቲስቶች ሁሉ አይገባም፤ ናውማንና ግራሃም ለጎብኚው የፈለገውን ምስል ከመስጠት ይልቅ እየከለከሉ አስተምረውታል። ለዛሬው ስልክ ግን ቃል በቃል ይገባል። በእኛ እጅ ያለው አጥር አንድ ክንድ ብቻ ነው፣ ካሜራውና ስክሪኑም በአንድ ገጽ ላይ ተቀምጠዋል።

ስናፕቻት የፊት ፊልተሮቹን በመስከረም 2015 ሲያወጣ ብዙዎቹ ዓይንን ልብ የሚያደርጉ፣ ከአፍ ቀስተ ደመና የሚያስተፉ ጨዋታዎች ነበሩ። ኢንስታግራም በ2019 ማንም ሰው ፊልተር ሠርቶ እንዲያቀርብ በሩን ሲከፍት አርቲስቶች ፊትን እንደ ሸራ ተጠቀሙበት፤ ሰው በኪሱ ይዞት የሚዞር፣ በራሱ ፊት ላይ የሚታይ ኤግዚቢሽን ተወለደ ማለት ይቻላል። ከእነዚህ መካከል አንዱ ቀዶ ሐኪም ከሥራው በፊት በብዕር የሚያሰምራቸውን መስመሮችና ቀስቶች በተጠቃሚው ፊት ላይ የሚስል ነበር፤ ሠሪው ዓላማው የውበት ቀዶ ጥገናን መንቀፍ እንደነበረ ተናግሯል። ኩባንያው በጥቅምት 2019 ከቀዶ ጥገና ጋር የተያያዙ ፊልተሮችን ሁሉ ለተጠቃሚዎች ደኅንነት ሲል ሲያግድ ይህም አብሮ ታገደ። ቅንድብ እያነሱ ከንፈር እያወፈሩ ያሉ፣ ቀዶ ጥገና የሚል ቃል ያልለጠፉ ፊልተሮች ግን ቀጠሉ። ነገሩን በግልጽ የሚያሳየው ተነሥቶ ደብቆ የሚያደርገው መቆየቱ በእውነት ያሳዝነኛል። በጥር 2025 ደግሞ የኢንስታግራም ባለቤት ሜታ ከውጭ ሠሪዎች የመጡትን ፊልተሮች በሙሉ አነሣ፤ የአምስት ዓመት የአርቲስቶች ሥራ በአንድ ቀን ከሰዎች ፊት ላይ ጠፋ። የሮዚን እንጨት ሞተሩ ቢበላሽ ይጠገናል፣ በኩባንያ ግቢ ውስጥ የተሠራ ጥበብ ግን ባለግቢው በሩን ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል። ቲክቶክ በበኩሉ በኅዳር 2024 ዕድሜያቸው ከ18 በታች የሆኑ ተጠቃሚዎችን ከአንዳንድ መልክ ቀያሪ ፊልተሮች እንደሚከለክል አስታውቋል፤ እርምጃው መልካም ነው፣ ዕድሜውን ዋሽቶ የገባውን ልጅ ግን አይደርስለትም።

እስካሁን የተናገርኩት ካሜራው ያየውን ፊት ስለሚለውጥበት ሁኔታ ነው። ከዚያ የሚብሰው ካሜራው ጭራሽ ሳያየን ሲቀር ነው። ትውልደ ጋናዊቷ ጆይ ቡኦላምዊኒ በአሜሪካው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በኤምአይቲ ተማሪ ሳለች በ2015 የሰው ፊት ላይ ሌላ ምስል የሚያሳርፍ መስታወት ለመሥራት ተነሣች፤ ጠዋት ከፊቱ የቆመ ሰው የሚያደንቀውን ሰው ወይም የአንበሳ ፊት በራሱ ፊት ላይ ለብሶ እንዲያይ ታስቦ ነበር። መስታወቱ ፊት ለማግኘት የተዘጋጀ ሶፍትዌር ይጠቀማል። ቡኦላምዊኒ ከፊቱ ስትቆም ምንም አላየም። ለድግስ የተገዛ ነጭ ጭምብል አንሥታ ስታጠልቅ ወዲያው አገኛት። ሠሪዋ በገዛ ሥራዋ ለመታየት የራሷን ፊት መሸፈን አስፈለጋት፤ ጭምብሉ ዓይንና አፍንጫ የተቆረጠለት ተራ ፕላስቲክ ነበር፣ ማሽኑ ግን ከሕያው ጥቁር ፊት ይልቅ ፊት ብሎ የተቀበለው እሱን ነው።

ከዚያች የጥበብ ሙከራ በ2018 የታተመ ጥናት ተወለደ። የጥናቱ ተባባሪ አዘጋጅ አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው የኮምፒዩተር ሳይንቲስት ትምኒት ገብሩ ናት። ሁለቱ ከሦስት የአፍሪካና ከሦስት የአውሮፓ አገሮች ፓርላማዎች 1,270 ፎቶግራፎችን ሰብስበው የሦስት ኩባንያዎችን ሶፍትዌር ፈተኑ፤ ጥያቄው ቀላል ነበር፣ ይህ ሰው ወንድ ነው ወይስ ሴት? ነጣ ያሉ ወንዶች ላይ የታየው ከፍተኛው ስህተት 0.8 በመቶ ሲሆን ጠቆር ባሉ ሴቶች ላይ 34.7 በመቶ ደረሰ። ምክንያቱም ሩቅ አይደለም፤ ሶፍትዌሩ የተማረባቸው ፎቶዎች በአብዛኛው የነጮችና የወንዶች እንደነበሩ ይገመታል። ከዲጂታል ዘመን በፊትም ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የቀለም ልክ እንዲሆን የሚልከው ካርድ ለረጅም ዓመታት የነጭ ሴት ፎቶ የያዘ ነበር፤ ፊልሙ የእሷን ቆዳ አሳምሮ እስካወጣ ድረስ ልክ ነው ይባል ነበር፣ ጠቆር ያለው ሰው ከነጮች ጋር በቡድን ሲነሳ ጥርስና ዓይን ብቻ ሆኖ ይወጣ ነበር።

ሥዕል የሚያከብረውንና የማያከብረውን በአሣሣሉ መለየቱ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በጥንታዊው የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቁ ሙሉ ፊቱን ወደ ተመልካቹ መልሶ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ሰይጣንና ክፉ ሰው በጎን፣ በአንድ ዓይን። ያን ሥርዓት ግን ምእመኑ ያውቀዋል፣ ልጅ እንኳ «ይሄ ለምን አንድ ዓይን ብቻ ሆነ?» ብሎ ጠይቆ መልስ ያገኛል። የፊት መለያ ሶፍትዌር ሥርዓት በማን እንደተጻፈ ከፊቱ የሚቆመው ሰው አያውቅም። በአገራችንም ለፋይዳ መታወቂያ የጣት አሻራ፣ የዓይን ብሌንና የፊት ምስል መሰጠቱ ጥያቄውን የጎረቤት ጥያቄ ከመሆን ያወጣዋል።

ከማውቃቸው እንዲህ ያሉ ሥራዎች ሁሉ አስጨናቂው በሜክሲኮ ተወልዶ በካናዳ የሚሠራው ራፋኤል ሎዛኖ-ሄመር በመጋቢት 2015 ያወጣው ነው። ከስድስት ወር በፊት፣ መስከረም 26 ቀን 2014፣ በሜክሲኮዋ ኢጉዋላ ከተማ ከአዮትዚናፓ የመምህራን ማሠልጠኛ የመጡ 43 ተማሪዎች ታፍነው ተወስደው ነበር። ሎዛኖ-ሄመር ፖሊስ ተጠርጣሪ ለማደን የሚጠቀምበትን የፊት መለያ ዘዴ ወስዶ የ43ቱን ልጆች ፊት አስተማረው። ጎብኚው ከካሜራው ፊት ሲቆም ሶፍትዌሩ ፊቱን ያገኛል፣ መስመሮች ይስልበታል፣ ከ43ቱ መካከል በጣም የሚመስለውን ተማሪ ፎቶ ከጎኑ አውጥቶ የመመሳሰሉን እርግጠኝነት በመቶኛ ይጽፋል። ከሦስት ዓመት በኋላ ጎግል ሴልፊን በሙዚየም ካለ ሥዕል ጋር የሚያመሳስል መተግበሪያ ሲያሰራጭ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው በተመሳሳይ ዘዴ ተዝናንቷል፤ ሰው በዚያ ማንን እንደሚመስል ሊያውቅ ሄደ። በሎዛኖ-ሄመር ሥራ ፊት ግን ጎብኚው ከራሱ ፊት አጠገብ የሚያገኘው፣ ቤተሰቡ እስከ ዛሬ የሚፈልገውን ልጅ ነው። ራስን ለማየት የለመደ ዓይን በግድ ወደ ሌላ ሰው ይዞራል፤ ቅንድቡ ይመስላል፣ አገጩ ይመስላል፣ ዕድሜው ታናሽ ወንድም ይሆናል።

አርቲስቱ ሶፍትዌሩን ማንም ዩኒቨርሲቲ ወይም ሙዚየም በነጻ አውርዶ እንዲያሳየው፣ ሌሎች ሠሪዎችም በሌሎች የጠፉ ሰዎች ፊት እንዲሞሉት ፈቅዷል። ከ43ቱ ተማሪዎች መካከል አጽማቸው በምርመራ የተለየው የሦስቱ ብቻ ነው። ካሜራው አሁንም በተተከለበት ሁሉ የሚመጣውን ፊት እየለካ ቁጥር ይሰጣል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ ጊዜም የቆመው ሰው ልጁ አይደለም፣ መስመሮቹ ይጠፋሉ፣ ሶፍትዌሩም ወደሚቀጥለው ጎብኚ ፊት ይሻገራል።